ፊቱ የታተመበት ጨርቅ

ኢጄዶ፣ ጁን 16 ቀን 1983

ለተከበሩ ወንድሜ ለቦዳ ዲፖ፣

ጉልበቴን መሬት አስነክቼ እጅ ነስቻለሁ። ሚስትዎና ልጆቹ እንዴት ናቸው? ሐዘኑስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ከእማማ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብናል።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ከአገረ ገዥው ዘንድ መጥተዋል። ሰኞ ሁለት መኪና ሙሉ ሰው ግቢያችን ገባ። የሚመራቸው ሚስተር ፋሎሬ የሚባል፣ ሲናገር ሰው ሳይሆን የገዛ ጫማውን የሚያይ ነው። በሩ ላይ ላም አሰሩ። ቀጥለው ጨርቅ አወረዱ፤ ጥቅል በጥቅል ላይ፣ ሳሎኑ መቀመጫ እስኪያጣ ድረስ። አንዱን ፈትቼ ዘረጋሁት። ቢጫ መደብ ላይ የአገረ ገዥው የቺፍ ላምቤ ፊት ከነባርኔጣቸው ከነፈገግታቸው ተደርድሯል። ከሥሩ “ዳግም አራት ዓመት” ይላል።

“ምንድነው ይሄ?” አልኩት።

“የቀብሩ ልብስ ነዋ። ወንድምሽ በቴሌቪዥን በሁለት እጃቸው ተቀብለውታል። አላየሽም እንዴ?”

ታላቄ ቦዳዬ፣ የቀብር ልብስ የሚመርጠው ባለሐዘኑ ነው። ጨርቁን የገዛ ቀብሩን ገዛ ማለት ነው። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት የለብኝም፤ ሁለታችንም ያደግነው ጨርቅ መሸጫ መደብ ሥር ነው።

እማማ ሊያርፉ ሰሞን ያሉትን በራስዎ ጆሮ ሰምተዋል። “ገበያዬን በግሬደር ያፈረሰ ሰው ፊቱ ገላዬን እንዳይነካኝ። በራሴ ሰማያዊ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ እዚሁ ክፍሌ፣ አልጋዬ ሥር ቅበሩኝ። የመጀመሪያውን አፈር ዲፖ ይጣልብኝ” ነው ያሉት። ሌላ ምንም አልጠየቁንም። አሁን ሆስፒታሉ ሬሳ ቤት ብርድ ላይ ናቸው። የበኩር ልጅ ነዎትና ቀኑን ይቁረጡልን፤ ይህ ቅዳሜ ቢሆን፣ ካልሆነም የሚቀጥለው።

ደብዳቤውን ለሾፌሩ ለባባ ሲኪሩ ሰጥቼዋለሁ። ስልክ ስደውልልዎ ሌላ ሰው ከጀርባ ሲተነፍስ ስለምሰማ አልወደድኩትም።

ታናሽዎ ኢቢዱን

ዋናው ከተማ፣ ጁን 21

ኢቢዱን እህቴ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል። ቤተሰቡ ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚያ ነው የምለው።

ቀኑ ተቆርጧል። የቆረጥኩት ግን እኔ አይደለሁም። ኦገስት 6፣ ከድምፅ መስጫው በፊት ያለው ቅዳሜ ነው። እስከዚያ እማማ ባሉበት ይቆያሉ። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ፣ ይቅር በይኝ።

በቴሌቪዥን ስላየሽው፣ ማለቴ ስላላየሽው፣ ልንገርሽ። ቢሮ ለሐዘን ጠሩኝ። ስገባ መብራቱ በርቷል፣ ካሜራው ቆሟል። ክቡርነታቸው አንገቴን አቅፈው፣ “እናትህ እናቴ ናት። የምቀብራት እኔ ነኝ” አሉኝ። ከዚያ ጨርቁን ዘረጉልኝ። ሰው ሲያዝንልህ እጅህን ኪስህ ውስጥ አትከትም። እጄ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። ቤት ገብቼ ምን እንደተቀበልኩ የገባኝ ልብሴን ስቀይር ነው።

ያሰቡትን ሁሉ ላውጣልሽ። ሣጥኑ ከሌጎስ ይመጣል፣ ክዳኑ መስታወት ነው። እማማን በዚያ ጨርቅ አልብሰው፣ አዲሱ ገበያ ፊት አደባባዩ ላይ አስተኝተው ሕዝቡ በፊታቸው ያልፋል፤ ከዚያ እዚያው ይቀብሯቸዋል። “የገበያዋ እናት ይቅር ብላቸው ሞተች” እንዲባል ነው። በዙሪያችን ባሉት ከተሞች የሚነግዱ ሴቶች እማማ ካላሉ ድምፅ እንደማይሰጡ ያውቃሉ። የሚወዳደራቸው ጠበቃ ዘንድሮ አስግቷቸዋል።

“ኮሚሽነርነትዎን ይልቀቁ” እንዳትይኝ። የጤናው ኮሚሽነር ባለፈው ወር ለቀቀ። በማግሥቱ ቤቱ ውስጥ መሣሪያ ተገኘ ተባለ። አሁን የት እንዳለ ሚስቱም አታውቅም።

ለፋሎሬ ፈገግ በይለት። እባክሽ።

ዲፖ

ኢጄዶ፣ ጁን 28

ዲፖ፣

ሰላምታ የለኝም። ተንበርክኬም አልጻፍኩልህም፤ ቆሜ ነው።

እናትህ እንደ ዓሣ በረዶ ላይ ተኝታ አንተ ቀን ተቆረጠልኝ ትለኛለህ። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” ብላ ኢያ ጉምቢ ስትናገር በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ። ግቢያችን ካገቡት ሴቶች ሁሉ ታላቅ ናት፣ አንተን በሕፃንነትህ ያዘለች።  ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድኩ፤ “ጨርቁን ተቀብሎ የለም እንዴ፣ እኛ ምን አገባን” አሉኝ። አስተማርከኝ ማለት ነው፣ አንድ ሰው እጁን በመዘርጋት ብቻ እናቱን መሸጥ እንደሚችል።

አስግቷቸዋል ያልከኝ ጠበቃም መጥቷል። የእንግዳ ስጦታ የኮላ ፍሬ ይዞ፣ በፓርቲው ወጣቶች ታጅቦ። “አስከሬኑን ተሸክመን እስከ አገረ ገዥው በር ሰልፍ እንውጣ” አለኝ። የኮላ ፍሬውን መልሼ በእጁ አስያዝኩት። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራረጡ! ሁለታችሁም የምትፈልጉት የእናቴን ሬሳ ነው። አንዱ ሊያስተኛት፣ አንዱ ሊያዞራት።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ማነው የሚያጥባት? ማነው የሚያለብሳት?

ኢቢዱን

ዋናው ከተማ፣ ጁላይ 5

እህቴ ሆይ፣

“አንተ” ብለሽኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ከአፍሽ ሰምቼው የማላውቀው ነው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፣ ደግሜ አወጣሁት፤ አሁንም እዚያው አለ። ስድቡ ይገባኛል አልልም። ንዴትሽ ስለገባኝ ግን ነው የምመልስልሽ።

ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የበሩ ዘበኛ ተቀይሯል። አዲሱ የሚያውቀኝ በስሜ ሳይሆን በመግቢያና በመውጫ ሰዓቴ ነው። ለጥበቃህ ተብለው ሁለት ሰዎች ተሰጥተውኛል፤ ሳሎን ተቀምጠው የልጆቼን ቁርስ ይበላሉ። ትልቋን ልጄን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት የእነሱ መኪና ነው። ባለቤቴ ይህን ሁሉ አይታ፣ “ዲፖ፣ ሹመት ነው ወይስ እስር?” አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ሳቃችን ቆመ።

ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው። የሚያጥቧቸው ከመንግሥት ሆስፒታል የሚላኩ ሁለት ነርሶች ናቸው። የሚያለብሷቸውም እነሱ ናቸው።

ቀኑን ልለውጠው አልችልም። አደባባዩንም፣ ጨርቁንም። ትልቅ ነገር አትጠይቂኝ። ትንሽ ነገር ጠይቂኝ ኢቢዱን፤ ትንሽ ነገር አላጣም።

ዲፖ

ኢጄዶ፣ ጁላይ 12

ለተከበሩ ወንድሜ ለቦዳ ዲፖ፣

ሁለቱንም ጉልበቴን አንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አፌ ስለቀደመኝ ነው። ያንን ደብዳቤ ያቃጥሉት፣ ለዘበኛዎችዎ ቁርስ ማብሰያ ይሁን።

ትንሽ ነገር ጠይቂኝ ብለዋል። ሁለት ትንሽ ነገር አለኝ።

አንደኛው እጥበቱ ነው። እማማን የሚያጥቡት የግቢው ሚስቶች ናቸው፤ በገዛ ክፍላቸው፣ በገዛ ጉድጓዳቸው ውሃ። ሲታጠቡ ወንድ በሩን አያልፍም። ይህ የኔ ሐሳብ ሳይሆን ሥርዓቱ እንደሆነ ቺፍ ላምቤ ራሳቸው ያውቃሉ፤ የእሳቸውም እናት እንደዚሁ ነው የታጠቡት። ባዕድ ነርስ የገበያውን እናት አጠበች ተብሎ ገበያ ቢሰማ ጨርቁ ሁሉ አያድናቸውም። እንዲህ ብለው ይንገሯቸው። ሣጥኑ ቤት ይምጣ፣ እኛ አጥበን፣ አልብሰን፣ አስተኝተን እናስረክባለን።

ሁለተኛው መስታወቱ ነው። ቦዳዬ፣ ይህን ለመጻፍ እጄ ይከብደዋል። ሬሳ ቤቱ መብራት ይጠፋበታል። አንድ ቀን ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይቀራል። ፊታቸው ለሰው የሚታይ አይደለም። ክቡርነታቸው በየአደባባዩ “ለኢጄዶ መብራት አስገባሁ” ሲሉ በሬዲዮ እሰማለሁ፤ ሬዲዮው በባትሪ ነው የሚሠራው። ሕዝቡ በመስታወት አሻግሮ የመብራቱን ነገር እንዳያይባቸው፣ የእንጨት ክዳን ቢሆንስ?

ለሚስትዎ ሰላም ይበሉልኝ።

ኢቢዱን

ዋናው ከተማ፣ ጁላይ 21

ኢቢዱን፣

ሁለቱም ሆኑ። ከተሾምኩ ወዲህ እንዲህ የተሳካልኝ ነገር የለም።

እጥበቱን ሳነሳ ብዙም አልተከራከሩኝም። የመብራቱን ነገር ስናገር ግን ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ፤ ከፋሎሬ ነው የተማሩት መሰለኝ። ክቡርነታቸው ከወንበራቸው ተነሱ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው “ይዘጋ። ለማንም እንዳትናገር” አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ አንድ ነገር ሲለምኑ አየሁ።

ክዳኑ እንጨት ነው፣ የነሐስ ቁልፍ ያለው። ቁልፉ ፋሎሬ ዘንድ ይሆናል። ከቀብሩ በፊት ባለው ሐሙስ እማማን ከሬሳ ቤት አውጥቶ ከሣጥኑ ጋር ያመጣል፣ ጨርቁ ከዚያው ከሳሎኑ ጥቅል ይወሰዳል፣ እሱ ሳሎን ይጠብቃል። ስትጨርሱ ራሱ ይቆልፋል። ለሴቶቹም በየመደቡ ጨርቁን የምታድይው አንቺ እንደሆንሽ ነግሬያቸዋለሁ።

አሁን ልጠይቅሽ። እንዲህ ጨዋ የሆንሽው ከመቼ ወዲህ ነው? ፋሎሬ “እህትዎ እንዴት ያለች ሰው አክባሪ ናት” ብሎ አመሰገነሽ፤ ያን ጊዜ ፈራሁ። አንገት ደፊ አገር አጥፊ ይባላል። ባባ ሲኪሩ ደግሞ ጓሮ ውስጥ የአፈር ክምር አየሁ አለኝ። ምን አስበሻል?

ዲፖ

ኢጄዶ፣ ጁላይ 30

ለተከበሩ ወንድሜ፣

ከነቤተሰብዎ ሰላም ያድርግዎት። ዝናቡ በርትቷል፤ ከርስዎ ዘንድስ?

የአፈሩን ነገር ለጠየቁኝ፣ የወጥ ቤቱን ወለል እያደላደልን ነው። ለቀብር እንግዳ ይበዛ የለ? ባባ ሲኪሩ መሪውን ይያዝ፣ አፈር አይቁጠር።

ምን አስበሻል ለሚሉኝ፣ ሆድ ይፍጀው። ቅዳሜ ሲመጡ የሚሉዎትን ሁሉ ያድርጉ። ቁሙ ሲሉዎት ይቁሙ፣ አፈር ጣል ሲሉዎት ይጣሉ። እንባ ከመጣ አይያዙት። ከመምጣትዎ በፊት ይብሉ፤ ካልበሉ ፊትዎ ይገረጣል። እኔን ብዙ አይዩኝ።

ሚስተር ፋሎሬ የሚወደውን ምግብ አጣርቻለሁ። ተቀቅሎ የተወቀጠ የቦዬ ሥር በአደን ሥጋ ወጥ ነው። ኢያ ጉምቢ “ወንድ ልጅ ቦዬ ፊቱ ካለ ሰማይ ቢወድቅ አይሰማም” ብላለች። ብዙ እንወቅጥለታለን፤ ሙቀጫዎቹም ድምፃቸው ትልቅ ነው።

ኢቢዱን

ዋናው ከተማ፣ ኦገስት 8

ኢቢዱን፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እኔንም ያጽናኝ። አደባባይ ላይ አንድም ቃል ሳንለዋወጥ ተለያየን።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንዱን የሚጠይቅሽ ፋሎሬ ነው። ጨርቁ የት ገባ? ክቡርነታቸው መድረኩ ላይ ቆመው ያን ሁሉ ሴት ሲያዩ አንድም ሰው ላይ ፊታቸውን አላገኙም። ሁሉም ሰማያዊ ለብሶ ነበር፣ የእማማን ሰማያዊ። አንቺ “ዝናብ ገብቶበት ተበላሸ” ማለትሽን ሰምቻለሁ፤ እሱ ግን አላመነም።

ሁለተኛው የኔ ነው። እማማ ትንሽ ሴት ነበሩ። እግራቸውን ባመማቸው ዓመት በአንድ ክንዴ አንስቼ አልጋ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ሣጥኑን የተሸከሙት ስድስት ፖሊሶች ናቸው፤ ላብ አጠመቃቸው። ሊያወርዱት ሲያዘነብሉት ደግሞ ከጥጉ ጠብ ጠብ ሲል አየሁ፣ የአንዱን ነጭ ጓንት አራሰው። ውሃው ቢጫ ነበር።

እኔ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነኝ። ርካሽ ቀለም ሲለቅ አውቃለሁ።

ክቡርነታቸው መሐረባቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው “እናቴ! እናቴ!” ይሉ ነበር። ተነስቼ በእሳቸውና በፖሊሱ መሐል ቆምኩ፤ ለምን እንደሆነ ገና አልገባኝም ነበር፣ እግሬ ነው የወሰደኝ። ከዚያ አፈር ዘግነው ሰጡኝ፣ ጣልኩት።

ያንን አፈር ምን ላይ ነው የጣልኩት ኢቢዱን?

ዲፖ

ኢጄዶ፣ ኦገስት 25

ለተከበሩ ወንድሜ ለቦዳ ዲፖ፣

ጥያቄዎን አስታቅፌዎት ስለቆየሁ ይቅርታ። ድምፁ እስኪቆጠር ነበር። አሁን ተቆጥሯል፤ ቺፍ ላምቤ አሸንፈዋል ተብሏል። የኢጄዶ ሴቶች የሰጡት ድምፅና ሬዲዮ ላይ የተነበበው ምኑም አይገናኝም። ይሁን፤ እኛ ያሰብነው እሳቸውን መጣል አልነበረም።

ሁለቱ ጥያቄዎችዎ መልሳቸው አንድ ነው። ጨርቁ ሣጥኑ ውስጥ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሚስተር ፋሎሬ ሳሎን ተቀምጦ ቦዬውን ሲበላ እማማን አጠብናቸው። ጉድጓዱን አልጋው ሥር ቀደም ብለን ቆፍረን ነበር። ጓሮ ሴቶቹ ይወቅጣሉ፣ ክፍሉ ውስጥ እኛ እንዘፍናለን፤ አፈር የምንመልስበት አካፋ አልተሰማም። በሰማያዊው ጨርቃቸው ጠቅልለን እዚያው አስተኛናቸው። ገላቸውን ሌላ ነገር አልነካቸውም። ጥቅሎቹን ደግሞ ለሴቶቹ እናድላለን ብለን አስቀድመን ክፍሉ አስገብተን ነበር፤ በትርፉ የእጥበት ውሃ ነክረን ሣጥኑን ሞላንባቸው። ደረቅ ጨርቅ ሰው አይሆንም፣ እርጥብ ጨርቅ ግን ይከብዳል። እንዲህ እንደሚከብድ ማሰብ ነበረብን፣ አበዛነው። ሚስተር ፋሎሬ እጁን ታጥቦ መጣ፣ ጫማውን እያየ ቆለፈው። ክቡርነታቸው ያለቀሱት በገዛ ፊታቸው ላይ ነው።

ለእርስዎ ያልነገርኩት ስለማላምንዎት አይደለም። ፊትዎ ምንም ነገር አይደብቅም፤ ልጅ ሆነን ስኳር የሰረቅኩት እኔ ሆኜ የሚገረፉት እርስዎ ነበሩ። ዛሬ ግን ገበያው ስለርስዎ ምን እንደሚል ያውቃሉ? ፖሊሱ ፊት ሲቆሙ ኢያ ጉምቢ አይታለች። “ያዘልኩት ልጅ ነው” ብላ ለማን እንዳልተናገረች!

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። አፈር ስንመልስ “የመጀመሪያው” ያለ ሰው የለም። ኢያ ጉምቢ ዘግና “ይሄ ሁለተኛው ነው” ብላ ጣለች። እኔ ሦስተኛውን ጣልኩ። ከራስጌያቸው በኩል አንድ እጅ የሚያስገባ ቦታ ሳንደፍን ትተናል፤ ድስት ደፍተንበታል። የእርስዎ ነው። ምርጫው አልፏል፣ ይምጡ።

ኢቢዱን

ዋናው ከተማ፣ ኦክቶበር 4

እህቴ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩት፣ ከዚያ አቃጠልኩት። አመዱን ሳይ ሳቄ መጣ፤ “እናቴ! እናቴ!” የሚለው ድምፃቸው ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ከዚያ አለቀስኩ። ከሞቱ ወዲህ እውነተኛውን ለቅሶ ያለቀስኩት ያን ዕለት ነው።

መልሱ ግን አልችልም ነው። ቅዳሜ ሁለተኛው ዘመናቸው ተጀመረ፣ እኔም ቃለ መሐላ ፈጸምኩ። ሦስት ጊዜ ሰበብ ፈልጌ ኢጄዶ ልሂድ አልኩ። “እናታችን ዘንድ አብረን ነው የምንሄደው” አሉኝ። አደባባዩ ላይ እምነ በረድ ሊያቆሙ ነው፣ ስማቸው ከእማማ ስም በላይ ተጽፎ። በየዓመቱ ከጎናቸው ቆሜ አበባ የማኖረው እኔ ነኝ። ሁለቱ ሰዎችም ሦስት ሆነዋል። ግቢያችን ብገባ ተከትለውኝ ይገባሉ፤ እማማ ክፍል ገብቼ በሩን ብዘጋ ይከፍቱታል፤ የተደፋውን ድስት ካዩት አንቺም ኢያ ጉምቢም አለቀላችሁ።

የጨርቁ ነገር ገና አልተረሳም። ፋሎሬ በስብሰባ መሐል ያየኛል፤ ጫማውን ሳይሆን እኔን። የሚያቆዩኝ ስለሚወዱኝ አይመስለኝም። ዓይናቸው ሥር እንድሆን ነው።

እኔ መምጣት ካልቻልኩ አፈሩ መምጣት ይችላል? ባባ ሲኪሩ ይዞልኝ ይምጣ።

ዲፖ

ኢጄዶ፣ ኦክቶበር 11

ለቦዳዬ፣

አፈሩ በወተት ጣሳ ውስጥ ነው። ከራስጌያቸው በኩል ያወጣሁት ነው፣ ከሌላ ቦታ አልቀላቀልኩበትም። ሰዎቹ ከጠየቁ የወባ ሥር መድኃኒት ነው ይበሏቸው፤ ጣሳውን ከላይ ቅጠል ሸፍኜዋለሁ።

በቀኝ እጅዎ ይዝገኑት። በልጅነት በሚጠሯቸው ስም ይጥሯቸው፣ ሊሏቸው የሚፈልጉትን ይበሏቸው፣ ከዚያ ወደ ጣሳው ይመልሱት። ኢያ ጉምቢን ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ብዙ አሰበችና፣ “እሱ ካለበት መውጣት ካልቻለ እሷ ትሂድለታ፤ እናት አይደለች?” አለችኝ።

ኢቢዱን

ዋናው ከተማ፣ ኦክቶበር 17

ኢቢዱን እህቴ፣

ጣሳው ደርሷል። ዘበኛው ከፍቶ አሽትቶ ሰጠኝ።

ሰዎቹ ተከትለውኝ የማይገቡበት አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለኝ፣ መታጠቢያ ቤቱ። እዚያ ቆልፌ ገባሁ። ድምፄ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ደግነቱ ያን ዕለት ውሃ ነበር። በቀኝ እጄ ዘገንኩት። ጠራኋቸው። ያልኳቸውን ለአንቺም አልነግርሽም። ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፤ “ክቡር ኮሚሽነር፣ ደህና ነዎት?” ብለው በሩን መቱት። “ሆዴን ነው” አልኳቸው።

እጄን ሳልታጠብ ወጣሁ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ስብሰባ ወሰዱኝ። ክቡርነታቸው እንደተለመደው እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ እኔም ዘረጋሁ። በጥፍሬ ሥር የእማማ አፈር ነበር፤ ጨበጡት።

ጣሳውን መልሼልሻለሁ፣ ምንም አላጎደልኩበትም። ከራስጌያቸው በኩል ጨምሪውና ቦታውን ድፈኚው። ስትደፍኚው ዝም ብለሽ አትደፍኚ። ጎንበስ ብለሽ “ዲፖ መጥቷል” በያቸው።

ወንድምሽ